ከታይዋን ገበያ የገዛኋት የጃፓን መዝገበ ቃላት፣ ለማን ትሆናለች?

ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ የስልክ ቻርጀር ልገዛ ገብቼ የጃፓን ኤሌክትሮኒክ መዝገበ ቃላት ይዤ ወጣሁ። ሻጩ ምን እንደሆነች አያውቅም። ካልኩሌተሮች መሃል ነው የደረደራት። «ትልቅ ካልኩሌተር ናት፣ ኦርጅናል ጃፓን» አለኝ። 4,500 ብር ጠራ፣ በ3,000 ተስማማን። ክዳኗ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተፍቆ ስላለቀ የማን ሥሪት እንደሆነች አትጠይቁኝ።

ሥራዬ አስጎብኚነት ነው። ቤቴ ድሬ፣ እንጀራዬ ሐረር ጁገል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ ውስጥ። አብዛኛው እንግዳዬ አውሮፓዊ ነው። ጃፓኖች አልፎ አልፎ ይመጣሉ፣ ሲመጡ ግን በቋንቋቸው ሁለት ቃል ለሚወረውርላቸው ሰው ፊታቸው ይበራል። በዚህ ምክንያት ነው ጃፓንኛ መማር የጀመርኩት። ጉዳዩ ለሌሎች አስጎብኚዎችም፣ ቋንቋውን በራሳችሁ ለምትታገሉትም ይጠቅማል ብዬ ስለዚች ዕቃ ልጻፍ።

መጀመሪያ ቁመናዋን። እንደ መጽሐፍ ትከፈታለች። ላይ ስክሪን፣ ታች የእንግሊዝኛ ፊደል ቁልፎች። በሁለት የሪሞት ባትሪ ትሠራለች፣ ባትሪውንም ቶሎ አትጨርስም። ስክሪኗ ጥቁርና ነጭ ነው። የድሬ ፀሐይ ላይ ስልኬ መስታወት ሆኖ የራሴን ፊት ሲያሳየኝ እሷ ጥርት ብላ ትነበባለች። ኢንተርኔት አትፈልግም። ከቁልፎቹ በታች በእጅ የሚጻፍባት ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ ጃፓኖች ካንጂ የሚሉትን ከቻይና የመጣውን ፊደል እያያችሁ ትስሉባታላችሁ፣ እሷ ንባቡን ታመጣለች። ብዕሯ እኔ ጋ ሳትደርስ ጠፍታለች። በጥፍሬ ነው የምጽፈው፣ ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዕቃዋ የተሠራችው እንግሊዝኛ ለሚማር ጃፓናዊ ነው። ሜኑው ሁሉ ጃፓንኛ ነው። የእንግሊዝኛ ቃል ስትነኩ አንጀት በሚያርስ ድምፅ ታነባለች፣ በጃፓንኛ ግን ጭጭ ነው። ታዲያ ለእኔ ምን አደረገችልኝ? የግስ ጣጣ ፈታችልኝ።

ጃፓንኛን በእንግሊዝኛ በኩል የሚማር ሁሉ የሚሰናከልበት ቦታ አለ። የእንግሊዝኛ አንዳንድ ግሶች ሰነፎች ናቸው፣ ሁሉ ቦታ ይገባሉ። «ቴክ»ን፣ የእኛን «ወሰደ»፣ እንይ። አውቶቡስ ቴክ፣ መድኃኒት ቴክ፣ ፎቶ ቴክ፣ ፈተና ቴክ፣ ሻወር ቴክ፣ ጊዜ ቴክ፣ ሰውን ወደ ቦታ ማድረስም ቴክ። ጫማ ሲያወልቁ እንኳ «ኦፍ» ጨምረው ያው ቴክ ነው። ጃፓንኛ ይኼን አይወድም። ለእያንዳንዱ የራሱን ግስ ይሰጠዋል።

ይኼ ለእንግሊዞች ይገርማቸው ይሆናል፣ እኛን ግን ሊገርመን አይገባም። እኛ ባጃጅ እንይዛለን። ክኒን እንውጣለን። ፎቶ እናነሳለን። ፈተና እንፈተናለን። ገላችንን እንታጠባለን። እንግዳ እናደርሳለን። አንዱም ጋ «ወሰደ» የለም። (ኤፍ ኤም ላይ «ሻወር ወሰድኩ» የሚሉትን ተዉአቸው።) ችግሩ ጃፓንኛውን ስንማር በአማርኛችን አለማሰባችን ነው። በእንግሊዝኛው ዞረን እንሄድና እዚያ ቴክ የምትባል ጠባብ በር ላይ እንጨናነቃለን።

ቴክን ብቻዋን ከጻፋችሁ መዝገበ ቃላቷም ብዙ አትረዳችሁም። መጀመሪያ የምታመጣው «ቶሩ»ን ነው። ቶሩ በእጅ ያዝ፣ አንሳ፣ ውሰድ እንደማለት ነው። ከሥሩ የግስ መዓት ይዘረዘራል፣ የመቼ የመቼ እንደሆነ የሚናገረው ማስታወሻ ግን በጃፓንኛ ነው። ጀማሪ ሰው እዚህ ጋ ዘግቶ ያስቀምጣታል።

መፍትሔው ሌላ ቁልፍ ላይ ነው። የምሳሌ መፈለጊያ አላት። ግሱን ትጽፋላችሁ፣ በመሃል የ«እና» ምልክቷን ትጨምራላችሁ፣ ከዚያ ስሙን ትጽፋላችሁ። ቴክ እና ሜዲሲን። ቴክ እና ባስ። ሁለቱ ቃላት አብረው ያሉባቸውን ሙሉ ዓረፍተ ነገሮች ከነጃፓንኛቸው ትዘረግፋለች። ለ3,000 ብር ይኼ ቁልፍ ብቻ ይበቃ ነበር። ከግሱ አትነሱ፣ ከዕቃው ተነሱ። ምንድነው የሚወሰደው? መድኃኒት ነው ወይስ ሰው? መልሱ ግሱን ይነግራችኋል።

እስቲ እያንዳንዱን እንየው።

መድኃኒት በጃፓንኛ ይጠጣል። «ኩሱሪ ኦ ኖሙ»። ኩሱሪ መድኃኒት፣ ኖሙ ጠጣ። ሽሮፕም ይሁን ደረቅ ክኒን ያው ኖሙ ነው። ከድሬ ሐረር ስንወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ መኪና የሚያዞረው እንግዳ አይጠፋም፣ ስለዚህ ይቺ ቃል ሥራ አታጣም። መኪና ሲያዞር «ኩሩማ ኒ ዮኡ» ይላሉ። ዮኡ በመጠጥ ለሰከረም የሚሆን ግስ ነው። ደንገጎን በሚኒባስ የወጣ ሰው ይኼ አባባል ልክ እንደሆነ ይመሰክራል።

አውቶቡስ፣ ባቡር፣ ባጃጅ፣ ፈረስ፣ ግመል ሁሉም «ኖሩ» ናቸው። ተሳፈረ፣ ላዩ ላይ ወጣ ማለት ነው። (ሽማግሌ ሲገባ ተነስተን «ኖር!» ከምንለው ጋር ዝምድና የለውም፣ ግን ለማስታወስ ይረዳል።) እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። መድኃኒቱ ላይ የነበረችው «ኦ» እንደ እኛ «ን» ናት፣ የሚደረግበትን ነገር ታሳያለች። ኖሩ ግን «ኦ» አይወስድም፣ «ኒ» ነው የሚወስደው። «ባሱ ኒ ኖሩ»። እኛም «አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ» እንጂ «አውቶቡስን ተሳፈርኩ» አንልም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ እዚህ ይደናበራል፣ እኛ ግን በአማርኛ ካሰብነው ቤታችን ነው። ስትወርዱ ደግሞ «ኦሪሩ» ነው። በተጨናነቀ ባቡር ውስጥ ለመውረድ «ኦሪማስ!» ብለው መንገድ ያስለቅቃሉ። የእኛው «ወራጅ አለ!» ማለት ነው።

ጊዜ ሲሆን «ካካሩ»። ከድሬ ሐረር 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። «ኢቺጂካን ካካሩ» ትላላችሁ። ፈተና «ኡኬሩ» ነው፣ ተቀበለ ከሚለው ጋር አንድ ግስ። ሻወር «አቢሩ»፣ ውሃ በላይ ላይ ማፍሰስ። እነዚህ ብዙ አያስቸግሩም፣ ምሳሌዋን አንዴ ካያችሁ ይያዛሉ።

ፎቶ ላይ ግን ቆም በሉ። ፎቶ ማንሳት «ሻሺን ኦ ቶሩ» ነው። ያቺው ቶሩ! በጆሮ ስትሰሙት ከ«ወሰደ» ጋር ምንም ልዩነት የለውም። በጽሑፍ ግን ፊደሉ ሌላ ነው። ባጠቃላይ ቶሩ የሚል ድምፅ በብዙ ፊደል ይጻፋል፤ አንዱ ለመውሰድ፣ አንዱ ለፎቶና ለፊልም፣ አንዱ ለመልቀም፣ አንዱ አሣ ለማጥመድ።

ጁገል ውስጥ የአንዲት እናት ቤት እንግዶች ይዤ ገባሁ። የሐረሪ ቤት የገባ ያውቀዋል። መደቦቹ ደረጃ ደረጃ አላቸው፣ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቷል። አንዲት ጃፓናዊት ከፍ ብሎ የተሰቀለ ስፌት በጣቷ እያሳየች «ቶትቴ ሞ ኢይ ዴስ ካ?» አለች። «ቶሩ ይፈቀድልኛል?» እንደማለት ነው። የቤቱ እመቤት ጣቷን አየችና «አንተ፣ ይቺ ልጅ ምን ትላለች? አውርዱልኝ ነው የምትለው?» አለችኝ። የእጅ ሥራዋ ነው፣ ብትሰጋ አይፈረድባትም። ዕቃዬን አወጣሁ፣ ቶሩ ብዬ ጻፍኩ፣ ስክሪኑን ለእንግዳዋ አዞርኩላት። ፊደሎቹ ተደርድረው ወጡ። ሳቀችና የካሜራውን ቶሩ በጥፍሯ ነካችው። ስልኳን ከፍ አድርጋ አሳየች። እመቤቲቱም «ታንሳ ታንሳ!» ብላ ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። ስልኬ ላይ ያለው ተርጓሚ ይኼን አይሠራልኝም ነበር። እሱ አንዱን መርጦ ይሰጣል፣ ይቺ ግን ሁሉንም ዘርግፋ ባለቤቱ ይመርጥ ትላለች።

ተርጓሚውን ካነሳን፣ ነገሩን ሚዛናዊ ላድርግ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከሰጣችሁት አብዛኛውን ጊዜ ግሱን ያገኘዋል። ነጠላ ቃል ከሰጣችሁት ግን ይገምታል፣ የገመተውንም እንደ እርግጠኛ ሰው ነው የሚነግራችሁ። ደግሞ ኔትወርክ ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል።

ወደ ሌላ ግስ ልለፍ፤ የእንግሊዝኛው «ዌር»። ድሬ ያደገ ሰው ለዚህ የተዘጋጀ ነው። ልብስ ለበሰ፣ ጫማ ተጫማ፣ ኮፍያ ደፋ፣ ቀለበት አጠለቀ፣ ቀበቶ ታጠቀ፣ ጋቢ ደረበ፣ ሽርጥ አሸረጠ። ጃፓንኛም እንዲሁ ነው። ከወገብ በላይ ወይም ሙሉ አካል የሚሸፍን «ኪሩ»፤ ሸሚዝ፣ ካፖርት፣ ኪሞኖ። ከወገብ በታች «ሃኩ»፤ ሱሪ፣ ጉርድ ቀሚስ፣ ካልሲ፣ ጫማ። ራስ ላይ «ካቡሩ»። መነጽር «ካኬሩ»። ቀለበትና ጓንት «ሃሜሩ»። ቀበቶና ከረባት «ሺሜሩ»። ሻርፕ «ማኩ»፣ ጠመጠመ። ትከሻ ላይ ጣል የሚደረግ «ሃኦሩ»፣ ለእኛ ጋቢ ልክ ነው።

ሽርጥስ? ከወገብ በታች ስለሆነ ሃኩ ነው ብሎ የሚሟገት ይኖራል። ሃኩ ግን እግር የሚገባበት ነገር ላይ ነው የሚያምረው። ሽርጥ ጨርቅ ነው፣ ወገብ ላይ ይጠቀለላል። «ኮሺ ኒ ማኩ» ብላችሁ አሳዩአቸው፣ ኮሺ ወገብ ነው። እንግዳው እየሳቀ ሲያሸርጥ ታያላችሁ። ድሬ ሙቀት ላይ ከጂንስ የሚያወጣቸው ይኼ ብቻ ነው።

ማውለቅ ላይ ግን ተራው ይገለበጣል። እኛ ልብስም ጫማም መነጽርም ሰዓትም ሁሉን «አወለቀ» ነው የምንለው። እነሱ ይለያሉ። ልብስ፣ ጫማ፣ ኮፍያ «ኑጉ»። መነጽር፣ ሰዓት፣ ቀለበት፣ ቀበቶ «ሃዙሱ»፣ ፈታ ወይም ነቀለ የሚል ስሜት አለው። እዚህ አማርኛችን አያድነንም፣ ማጥናት ነው። ደግነቱ የሐረሪ ቤት ደጃፍ ላይ ጫማ አውልቁ ብሎ ጃፓንን መለመን አያስፈልግም። ሳትናገሩ ያወልቃሉ፣ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙረው ሁሉ ይደረድሩታል። ሀገራቸውም ቤት ሲገቡ የሚሉት «አጋሩ» ነው፣ ወደ ላይ ወጣ። የሐረሪ ቤት መደብ ላይ «አጋትቴ ኩዳሳይ» ብትሏቸው ቃሉም ቤቱም ይገጥምላቸዋል።

ጫትም ሳላነሳ አላልፍ። እንግዳ ሁሉ ይጠይቃል። የጃፓንኛው ማኘክ «ካሙ» ነው። የእኛን «ቃሙ» አስቡት። ምንም ዝምድና የላቸውም፣ ግን ጁገል ውስጥ ይቺን ግስ የሚረሳ አስጎብኚ የለም።

አሁን ድክመቷን። ትልቁ ድክመቷ ማዕረግ አለማወቋ ነው። ቴክን ከሰው ጋር ስጽፍላት «ትሱሬቴ ኢኩ» ትላለች፣ ይዞ ሄደ። ለዕቃ ሲሆን «ሞትቴ ኢኩ»፣ ሰውና ጃንጥላን በግስ ትለያለች ማለት ነው፣ ጥሩ። ግን ትሱሬቴ ኢኩ ለልጅ፣ ለታናሽ፣ ለጓደኛ፣ ለውሻ ነው። ገንዘብ ከፍሎ የመጣን ትልቅ ሰው ትሱሬቴ ኢኩ ማለት «ና ልውሰድህ» እንደማለት ይሆናል። ለእንግዳ «ጎአንናይ ሺማስ» ነው የሚባለው፣ ልምራዎት። መዝገበ ቃላቷ ይኼን ማስጠንቀቂያ እንግሊዝኛው በኩል አትሰጥም። እኛ ድሬዎች ደግሞ አባታችንንም አንተ ብለን ያደግን ሕዝብ ነን። አንቱታ በአማርኛውም ያስቸግረናል፣ በጃፓንኛውማ!

የጅቡም ነገር እንደዚሁ ነው። ማታ ጅብ ማብላት ለማየት ይዣቸው እሄዳለሁ። «ፊድ» ስትሏት «ኤሳ ኦ ያሩ» ትላለች፣ ኤሳ የእንስሳ ምግብ ነው። ያሩ ወደ ታች መስጠት ነው፤ ለእንስሳ፣ ለተክል። ወጣቶቹ እንግዶቼ ግን «ኤሳ ኦ አጌሩ» ነው የሚሉት፣ እሱ ከፍ ላለ ሰው የመስጠት ግስ ነበር። አሁን ለውሻም ለድመትም ይሉታል፣ ትልልቆቹን ጆሯቸውን ይከነክናቸዋል። እኔ ለሐረር ጅብ አጌሩ ይገባዋል ባይ ነኝ። በር ተትቶለት ከተማ የሚገባ አውሬ እንደ ተራ እንስሳ አይቆጠርም።

ሌላው ዕድሜዋ ነው። ስማርት ስልክን ጃፓኖች «ሱማሆ» ይሉታል፣ እሷ ጨርሶ አልሰማችም። ክዳኗን ስትከፍቱ ትንሽ ትንቋቋለች። ጃፓንኛውን ስለማታነብም አነጋገሩን ከሰው ወይም ከቪዲዮ መስማት የግድ ነው።

ለማን ትሆናለች? ሁለቱን የድምፅ ፊደሎቻቸውን፣ ሂራጋናና ካታካናን፣ ላወቀ ሰው። እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ፊደል ናቸው፣ እንደ እኛው አንዱ ፊደል አንድ ክፍለ ቃል ነው። ሀሁን ለቆጠረ ሕዝብ ከባድ አይደለም። እነሱን ሳታውቁ ግን አትግዟት፣ ሜኑው ላይ ትቀራላችሁ። ከዚያ ላለፈና ግስ መምረጥ ላይ ለደረሰ ሰው ግን ስልክ ላይ ካየኋቸው ሁሉ እሷን እመርጣለሁ።

መግዛት ለምትፈልጉ፦ የሪሞት ባትሪ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አስገብታችሁ ሞክሯት። የባትሪ ቤቱን ከፍታችሁ ዝገት እዩ። የጽሕፈት ሰሌዳዋን በጥፍር ፈትሹ። የምሳሌ መፈለጊያው መኖሩን ሁለት ቃል ጽፋችሁ አረጋግጡ፣ ሁሉም ላይ አይኖርም። ሻጩ ጋ አንድ ሌላ ቀርታለች፣ ነጭ ናት፣ ማጠፊያዋ ተሰብሮ በፕላስተር ታስራለች። ለእሷም 4,500 ነው የሚጠራው። ከ1,500 በላይ እንዳትከፍሉ።